የተምች የእንጀራ እናት

ዝንብ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ከሚጠሏት ወገን ነኝ። ዕድሜ ልኬን ከሳህኔ ላይ እሽ ስላት የኖርኩትን ፍጥረት ዛሬ ላመሰግናት ብዕር ማንሳቴ ለራሴም ይገርመኛል። ግን ያዩትን አለመመስከርም ነውር ነው።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኅቴን ለመጠየቅ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስጓዝ ነው። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ዝናቡም ያንን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ወረደ። እኔም የመምህርነት ክብሬንና የተሰበረ ጃንጥላዬን ይዤ ከመንገዱ በታች ወዳለ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቱ አያ ውቤ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ሳይሉ ከመደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ፤ መምህር መሆኔን እኔው ነገርኳቸው።

ስገባ ሙግት ላይ ነበሩ። የምትሟገታቸው የጎረቤታቸው የደምሴ ልጅ ሰላማዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰብል ትምህርት ትማራለች፤ ለክረምቱ ዕረፍት ወላጆቿ ዘንድ መጥታለች። አያ ውቤ ሲናገሩ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች፤ ተራዋ ሲደርስ ግን አንዲት ቃል አታስቀርም። እንዲህ ያለችዋን ተማሪ ክፍል ውስጥ እፈራታለሁ፤ ከክፍል ውጭ ግን ደስ ትለኛለች።

ጉዳዩ ይህ ነው። ከቤቱ በታች ባለው የአያ ውቤ የጤፍ ማሳ ተምች ገብቷል። ያ ማሳ የዓመት ቀለባቸው ነው። አምና ገብሳቸውን ተምች በልቶባቸው ክረምቱን የወጡት በሰው እህል ነበር፤ አብልቶ ለኖረ ሽማግሌ ደግሞ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። ስለዚህ ለማግስቱ ደቦ ጠርተዋል። ማሳው ላይ መድኃኒት ሊያስረጩ፣ ዳር ዳሩን የበቀለውን እንስላል ደግሞ ከሥሩ ሊያሳጭዱ ቆርጠዋል። እንስላሉ ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አበባው ዝንብ ይሰበስባል» አሉኝ። «ዝንብ ደግሞ የተምች እናት ናት።»

ፈገግታዬን ሳያዩብኝ አልቀሩም።

«አይሳቁ መምህር፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎ። ዝንቧ ተምቹ አንገት ላይ ቁጭ ብላ ስታጠባው አይቻለሁ። ስትነሣ ወተቷ ጠብ ብሎ እዚያው አንገቱ ላይ ይቀራል፤ ነጭ ነው። ልጇ ባይሆን ታጠባዋለች?»

ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። የዓባይን ገባሮች ጠይቁኝ እንጂ የዝንብን ጡት የት አውቃለሁ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

«አያ ውቤ፣ ያዩት እውነት ነው» አለች ሰላማዊት ቀስ ብላ። «ትርጓሜው ላይ ነው የተሳሳቱት። ወተት ያሉት እንቁላል ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል የተምቹን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከውስጥ እየበላው ያድጋል። ተምቹ ሲያልቅለት ትሉ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይነሣል።»

የአያ ውቤ ባለቤት እትዬ በለጠች በስመ አብ ብለው አማተቡ። ግን የሚሰቀጥጥ ነገር ዓይን ይስባልና ዝናቡ አባራ ሲል ከልጅቱ ኋላ ወደ እንስላሉ የወረድኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ማጉያ መነጽሯን ሰጠችኝ። ቢጫው አበባ ላይ አንዲት ግራጫ ዝንብ ማር ትልሳለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጠጉር እንደ ጃርት እሾህ ቆሟል፤ ሆዷ በብርና በጥቁር እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሸልሟል። እውነቱን ልናገርና አማረችኝ። ጤፉ ውስጥ ጎንበስ ስንልም ተምቹን አየነው። ግማሹ አንገቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለበት፤ ግማሹ የለበትም።

አያ ውቤ ግን በመነጽር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ዝንብ ፈርዖን የተቀጣባት መቅሰፍት መሆኗን፣ የሰፈሩ ሰውም ተምቹ ይወገድ ብሎ ምሕላ መያዙን አስታወሱ። ሰላማዊት ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«እግዚአብሔር ለምሕላችሁ የሰጠው መልስ ይቺ ብትሆንስ? መቅሰፍትም ከሆነች የታዘዘችው በተምች ላይ ነው።»

«እና ዝንብ ትጠብቅልኛለች ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው።»

«እጅዎንማ አያጣጥፉም» አለች። ዝንቧ ብቻዋን ታድነናለች እንደማትል፣ ደቦው መጥቶ በማሳው ዙሪያ ቦይ ቢቆፍር ከሣሩ ወደ ጤፉ የሚሻገረው ተምች እዚያው እንደሚቀር አስረዳቻቸው። ማሳው ውስጥ ያለው በእጅ ይለቀም፤ ነጥብ የሌለበት ይገደል፤ ነጥብ ያለበት ግን ዝንብ ብቻ በሚያሳልፍ ወንፊት በተከደነ ገንቦ ይቀመጥ። «መድኃኒት እንለዋለን እንጂ መርዝ ነው፣ አያ ውቤ። ወዳጅና ጠላት አይለይም። አምና ንቦችዎን ምን ፈጃቸው?»

አያ ውቤ ንቡን ዓይን በልቶት ነው ሲሉ ነበር የከረሙት። እትዬ በለጠች ከዋርካው ላይ ወደተሰቀለው ባዶ ቀፎ አዩና «ገብሱን በረጩ ማግስት ነው ያለቀው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ልጅቱ በሁለት የማርማላታ ጠርሙስ አፈርና ሣር ጨምራ፣ ባንደኛው ነጥብ ያለባቸውን፣ በሌላው ነጥብ የሌለባቸውን ተምቾች አስገብታ አፋቸውን በነጠላ ቁራጭ አሰረች። አያ ውቤም እንደ ዳኛ ፈረዱ።

«ደቦውን አላጥፍም። ነገ ቦይ ይቆፈራል፤ ተምች ይለቀማል። እንስላሉና መርጫው ግን ጠርሙሱ እስኪመሰክር ይቆዩ። ዝንቧ እናቱ ሆና ከተገኘች እንስላሉን በገዛ እጅሽ ታጭጂዋለሽ፤ ጤፌም ካለቀ ዐይንሽን አያሳየኝ።»

«እሺ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። ልጅነቷን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ገሳይ ሰንብቼ በጳጉሜን ስመለስ ሚኒባሱ አልተቀረቀረም፤ በገዛ ፈቃዴ ወረድኩ። የአያ ውቤ ደጅ በጎረቤት ተሞልቷል። ማሳውን አሻግሬ አየሁት፦ በላይኛው ጠርዝ የተበላ አለ፤ የቀረው ግን ለምለም ነው። ቦዩ ውስጥ የተምች ሬሳ ተከምሯል። ሁለቱ ጠርሙሶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጥብ ካልነበረባቸው አቧራማ ክንፍ ያላት ቢራቢሮ መሳይ ወጥታለች፤ ነጥብ ከነበረባቸው ደግሞ ግራጫዋ ዝንብ።

አያ ውቤ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንሥተው ብዙ አዩት። «ይችንማ አውቃታለሁ። በየማታው ኩራዙን የምትዞረው የእሳት እራት ናት» አሉ። ሰላማዊት ተምችን የምትወልደው እሷ መሆኗን አረጋገጠችላቸው። በጨለማ መጥታ ሣር ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ያንን ያየ ሰው ስለሌለ ኃጢአቱ ሁሉ በቀን በምትታየው ዝንብ ላይ ወደቀ።

ማሩ የሚባል ጎረቤት ግን እጁን አነሣ። ዝንቧም ከተምች ሆድ አይደለም ወይ የወጣችው፣ ታዲያ ዘመድ ናቸው አለ። ሰላማዊት ልትመልስ አፏን ስትከፍት አያ ውቤ ቀደሟት።

«እናትማ ልጇን ከውስጥ አትበላም፣ ማሩ። በሰው ፊት ታጠባው መስላ፣ ዞር ሲሉ የምትጨርሰው ማን ናት? የእንጀራ እናቱ ናት።»

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ነገሩን እኔም፣ ልጅቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ያን ያህል አሳምረን አንገልጸውም ነበር። አያ ውቤ የተዋሱትን መርጫ ለባለቤቱ መልሰው ላኩ። በየማሳው ዳር ያለው እንስላል እንዳይነካ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተስማሙ። መርዝ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ፣ ያውም ባለሙያ ተጠይቆ እንጂ እንዲሁ እንዳይረጭ፣ ነጥብ ያለበት ተምችም በገንቦ እንዲለይ ተባባሉ። ሰላማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ማልቀሷ ነው። ሽማግሌው ጭንቅላቷን ዳሰስ አድርገው የዝንቧን ጠርሙስ ለሷ ሰጧት፤ እሷም እንስላሉ ዘንድ ወስዳ ከፈተችው።

በታኅሣሥ አውድማ ላይ ጠሩኝ። ጤፉ ተወቅቷል፤ ባዶ በነበረው ቀፎ አዲስ ንብ ገብቷል። አያ ውቤ ከፊቴ ማዕድ አስቀርበው «ይብሉ መምህር፣ የራሴ እህል ነው» አሉኝ። «የራሴ» የምትለዋን ቃል ሲናገሩ ቀና አሉ። ልቆርስ ስል አንዲት ዝንብ እንጀራው ላይ አረፈች። እጄን አነሣሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፍሬ መለስኩት። አያ ውቤ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«እሽ ይበሏት መምህር» አሉ። «ይች የቤት ዝንብ ናት፤ የማሳዋ አይደለችም። ሁሏንም አጥንቶ ነው እንጂ በጅምላ መጥላትም በጅምላ መውደድም የለም።»