የአቶ እንዳሻው ሃያ ሦስት የሸክላ ሽፋኖች

ሥራችሁን ትታችሁ በሐዘናችን ከእኛ ጋር የቆማችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህን የአቶ እንዳሻው ወልደገብርኤልን ዜና ሕይወት ያዘጋጁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌጥነሽ ሲሆኑ፣ በዕድራችን ልማድ መሠረት የዕድሩ ጸሐፊ እንደታሸገ ከቤተሰቡ ተቀብለው እፊታችሁ ከፍተው ያነቡታል፤ የሙት ታሪክ ጀምሮ ማቋረጥም ነውር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አቶ እንዳሻው ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ በ1940 ዓ.ም. በአሰላ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢማሩም፣ የሒሳብ ደብተራቸው ከቁጥር ይልቅ በሰው ፊት እየተሞላ መምህራንን ስላስመረረ፣ አጎታቸው ፒያሳ ከነበረ የዘፈን ሸክላ መደብር አስቀጠሯቸው።

ያን ጊዜ በመደብሩ ሸክላ የሚሸጠው መሐሉ በተበሳ ቡናማ ወረቀት ነበርና፣ ማንበብ የማይችል ገዢ የሚፈልገውን ለማግኘት ሁሉንም ማስከፈት ነበረበት። አቶ እንዳሻው ይህን አይተው፣ ዘፈኑን ደጋግመው እየሰሙ የሚታያቸውን በውሃ ቀለም ለሽፋን ይሥሉ ጀመር። የመጀመሪያዋ ሥዕል ጉንጯን ደግፋ በርጩማ ላይ የተቀመጠች፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ ያለባት ልጃገረድ ናት፤ ለመሣል ተቀምጠው ሚስት ሆነው የተነሡት ወይዘሮ ጌጥነሽ ናቸው። ልጃቸውን አማኑኤልን ሲወልዱም፣ ሥዕሎቹን ወደ ማተሚያ ቤት የሚያመላልሱት የሥራ ባልደረባቸው ክርስትና አንሥተው አበልጅ ሆኑ።

ባለ መደብሩ ሽፋኑ ላይ ከድርጅቱ ስም በቀር ሌላ ስም እንዲታተም ስላልፈቀዱ፣ አቶ እንዳሻው በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲሰደዱ ስም ያልተጻፈባቸውን ሃያ ሦስት ሥዕሎች፣ የማን እንደሆኑ ለሚያውቁት ለእኚሁ አበልጃቸው አደራ ሰጡ።

አሜሪካ ገብተው ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ኖሩ፤ ኮሜርስ ሲቲ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳጥን ተሸክመው ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ቤት ገዙ። አበልጃቸውንም በ1988 ዓ.ም. ወረቀት ጨርሰው ያስመጧቸው፣ ሶፋቸው ላይ ስምንት ወር ያስተኟቸው እሳቸው ነበሩ። ስለ ሥዕሎቹ ሲጠየቁ አበልጃቸው ‹ጠፍተዋል› አሉ፤ አቶ እንዳሻውም አመኑ።

በ2015 ዓ.ም. ዴንቨር ውስጥ የድሮ ሸክላ ሽፋኖች ኤግዚቢሽን መከፈቱን ሰምተው፣ ሱፋቸውን ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ሄዱ። ሃያ ሦስቱም ግድግዳው ላይ ነበሩ፤ ሠዓሊ ተብሎ ከሥራቸው የተጻፈው ግን የአበልጃቸው ስም ነበር። አይ ሰው! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። ወይዘሮ ጌጥነሽ የገዛ ጠባሳቸውን በሰው ስም ተሰቅሎ አይተው ሊጮሁ ሲሉ፣ አቶ እንዳሻው አበልጅ በአደባባይ አይዋረድም ብለው ክንዳቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያም ሦስት ጊዜ አበልጃቸው ቤት ድረስ ሄደው እውነቱን ይናገሩልኝ ብለው ቢለምኑ፣ ይህን ያረጀ ነገር አሁን ማን ይጠይቃል ተብለው ተመለሱ። ብሩሽ ዳግመኛ አልነኩም። ሐኪሙ ኩላሊት ነው ብሏል፤ ወይዘሮ ጌጥነሽ ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ። በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ አረፉ።

አደራ በሊታው አበልጅ አቶ መልከጼዴቅ ስለሺ ይባላሉ። የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ይህንንም እያነበቡላችሁ ያሉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ቢቆራረጥ ታገሷቸው፣ ውሃም አቀብሏቸው። ሃያ ዓመት የስንቱን ሰው ታሪክ ሳያዛንፉ አንብበዋል፤ የቀረቻቸው ይህች ብቻ ናት፦ ሃያ ሦስቱን ሽፋኖች የሣሉት እንዳሻው ወልደገብርኤል ናቸው።

አቶ እንዳሻው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን አማኑኤልን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አንድ አበልጅ ትተው ተለይተውናል። ከሥዕላቸው ሥር የተነፈጉትን ስም አምላካችን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ አሜን። ይህ ወረቀትም አደራ ነውና፣ አንባቢው ሲጨርሱ ለወይዘሮ ጌጥነሽ ይመልሱ።