ሳይለይ የተፈረደበት መድኃኒት

አቶ ሽበሺ ከመሃል ከተማ ወደ ታቦር ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ የጎረቤታቸው ልጅ ማህሌት ቀድማ ተቀምጣ ነበርና ጠጋ አለችላቸው። ማህሌት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት ናት። የአቶ ሽበሺ ባለቤት ወይዘሮ ፍቅርተ በካንሰር ካረፉ ወዲህ አልተገናኙም።

«ነፍሳቸውን ይማር። ለአርባቸው ሥራ ይዞኝ ቀረሁ። ልጅዎ ናትናኤልስ እንዴት ሆነ?» አለች ማህሌት።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ከእናቱ የለቅሶ ድንኳን አባርሬዋለሁ። አውቶቡስ የሚነዳበት ድርጅት ሽንቱን ቢያስመረምር የሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ተገኘበትና ከሥራ ታገደ። ለእናቱ ለሕመሟ ማስታገሻ የታዘዘላትን ሞርፊን እየጠጣ በጠርሙሱ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል። ያ ሁሉ ማቃሰቷ ለካ ከዚህ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ለወገቤ ሐኪም ያዘዘልኝ ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ ነው አለ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ እንደገና ሲታይ ብዙ ኮዴይን፣ ጥቂት ሞርፊን ወጣ። ይኸው ሞርፊኑ አለ። ሌባ ጥቂት ቢሰርቅ ሌባ አይባልም?»

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ምርመራ የሚይዘው በመልክ ነው፤ ሞርፊንና ኮዴይን እንደ አንድ ቤት ልጆች ይመሳሰሉበታል። ሁለተኛው ግን እያንዳንዱን ነጥሎ በክብደቱ ይለየዋል።»

«ተማራችሁ፣ ተማራችሁና የሽንት ጠንቋይ ሆናችሁ።»

ማህሌት ፈገግ አለች። «ጠንቋይ እንኳ ደንበኛውን ያዳምጣል። ኮዴይን የዋጠ ሰው ጉበቱ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ሞርፊን ግን ተመልሶ ኮዴይን አይሆንም። የእናቱን ጠጥቶበት ቢሆን ሞርፊኑ በበዛ ነበር። ማነሱ የልጅዎን ቃል ያጸናል።»

«ታዲያ ፍቅርተ ስለ ምን ተሠቃየች?»

«ሕመሙ ሲበረታ የቀድሞው መጠን አይበቃም፤ ቢነገረው ሐኪሙ ይጨምርላቸው ነበር። ተመልሳችሁ ነገራችሁት?»

አልነገሩትም። ባለቤታቸው ባቃሰቱ ቁጥር «ቻይው» ይሏቸው ነበር። ሐኪም ደጅ መመላለስን ትዕግሥት እንደ ማጣት የሚቆጥር ቤት ነው ያሳደጋቸው። እናም ለገዛ ዝምታቸው ሌባ ፈለጉለት፤ ያገኙትም ልጃቸውን ነው።

ታቦር ደርሰው ሲወርዱ «ልጄ፣ ፈርጄ ጨርሻለሁ እኮ» አሏት ቀስ ብለው።

«የፈረዱት በሰው ፊት ከሆነ፣ የሚያነሡትም በሰው ፊት ነው» አለቻቸው።

አቶ ሽበሺ በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ ቆመው በልጃቸው ላይ በሐሰት መፍረዳቸውን ተናገሩ። የመጀመሪያው ምርመራ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን፣ ማንም ከመመርመሩ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ቢያሳውቅ ከእንጀራው እንደማይፈናቀል፣ ሕመምተኛም ሥቃዩ ሲብስ ወደ ሐኪም ቢመለስ መጨረሻው እንደሚቀልለት አስረዱ። ብዙዎች አመሰገኗቸው፤ ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ «ቻይው» የሚል ቀነሰ።

ድርጅቱም ሁለተኛውን ውጤት ተቀብሎ ናትናኤልን ወደ አውቶቡሱ መሪ መለሰው። ልጁ በአባቱ ልመና አንድ እሑድ ወደ ቤት መጣ፤ ጉልበታቸውንም ሳመ። ከዚያ ግን ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ በሩ አጠገብ፣ ለእንግዳ በሚሰጠው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያባረሩት እሳቸው ነበሩና አቶ ሽበሺም «ና፣ ግባ» ለማለት አፈሩ።