ድምፅ በፀሐዩ ፀ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። እሷ መዳፏን የምታክል ኮምፒውተር ይዛ ጌም ትጫወታለች።

«ልጄ፣ ስልክ ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ የጌም ኮምፒውተር ነው።»

«ስክሪኑ ምነው እንደ ዳዊቴ አጠረሳ? የሌላው ወደ ጎን ሰፊ ነው።»

«የድሮ ጌም በሰፊው ሲለጠጥ የሰው ፊት ድፎ ዳቦ ያክላል። አጭሩን መርጬ ነው። ዊንዶውሱንም አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩበት።»

«ዊንዶውስ መስኮት ማለት አይደል? ያለ መስኮት በምን ታያለሽ?»

«ሊኑክስ በሩ ክፍት ነው አባቴ፤ ማንም ገብቶ ያስተካክለዋል። ይኸው፣ ጽሑፉን ሁሉ ራሴ ወደ አማርኛ መለስኩት።»

ቄሱ መነጽራቸውን አደረጉ።

«‹ጀምር›፣ ‹ቀጥል›፣ ‹ድምጽ›... ቆይ እስቲ! ድምፅ በፀሐዩ ፀ ነው እንጂ በጸሎቱ ጸ አይደለም።»

«አሁኑኑ ላርመው።»

«እዚሁ መኪና ላይ?»

«ማንን አስፈቅዳለሁ? ይኸው፣ ያንብቡት።»

«ድምፅ! እሰይ! እንግዲህ ይህን ማሽን ጎጃም አረመው በይ።»

«ለጠየቀኝ ሁሉ እላለሁ፣ አባቴ!»

መውረጃዬ ደርሶ «ወራጅ አለ» ልል የከፈትኩትን አፌን፣ ጨዋታቸው እንዳያመልጠኝ መልሼ ዘጋሁት።