የአርባ አምስት ቀን ቀጠሮ

ሁለቱም ጓንት ፍለጋ ሄደው የመጋዘኑ በር ላይ ግጥም አሉ። አንደኛዋ የማረፊያ ክፍሉ ኃላፊ፣ በክሊኒኩ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። ጽንስ አቋርጠው ለሚወጡ ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚወስዱበትን ቀጠሮ የሚጽፉት እሳቸው ስለሆኑ ባልደረቦቻቸው በሌሉበት «እማማ ቀጠሮ» ይሏቸዋል፤ በፊታቸውማ ማን ደፍሮ! ሁለተኛዋ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት አዋላጅ ናት።

«ደህና ተገናኘን እማማ፤ አንድ ነገር ላማክርዎ። አልጋ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ የእርግዝና መከላከያ ዛሬውኑ ወስዳ ብትሄድስ?»

«አዬ ልጄ! ሕመሟ እንኳ ሳይበርድላት? ደግሞ ይህች ሴት ስትመጣ ሁለተኛዋ ነው። ያኔም በእጄ ቀጠሮ ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ምክር አልሰማ ላለ ጆሮ ምን ይደረግለታል?»

«ለመቼ ነበር የቀጠሯት?»

«ለአርባ አምስት ቀን ነዋ! ለአራሷም ለእሷም ያው ነው።»

«ከድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ያው አይደለም እማማ። ጽንስ ያቋረጠች ሴት ሁለት ሳምንት ሳይሞላት እንኳ ልታረግዝ ትችላለች።»

እማማ ጓንቱን መቁጠር ተዉ። ይህን ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም፤ ግን ልማድ ክፉ ነው፣ የሰሙትን ያስረሳል።

«እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው» አሉ። «ስታለቅስ የዋለች ሴት ፊት መርፌ ይዞ መቆም ግፍ ነው። እሺ ብትልም ከድካሟ ነው።»

እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ደክሟት ከተኛች ሴት እሺታን መንጠቅ እርዳታ አይባልም።

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ማንኛዋንም ሴት ገና ስትመጣ፣ ብቻዋን እንጠይቃት የምለው። አልፈልግም ካለችም አገልግሎቱን አንከለክላትም። ይህችኛዋማ ጠዋት ራሷ ናት የጠየቀችኝ።»

«እስቲ እንግባ። ቀጠሮዬን ለምን እንደናቀች ከአፏ ልስማው።»

ልብስ ሰፊዋ ጥያቄውን ስትሰማ ቀና አለች።

«አልናቅሁም እማማ። በተባልኩበት ቀን፣ በሰዓቱ መከላከያ ወደሚሰጥበት ክፍል መጣሁ። መከላከያውን ከመስጠታቸው በፊት ሲመረምሩኝ ግን አርግዘሻል አሉኝ። እህቴ እንኳ አላመነችኝም፤ ቸልተኛ ነሽ ብላ ትሰድበኛለች። ሦስተኛ እዚህ አልጋ ላይ መተኛት አልችልም።»

እማማ ክው አሉ፤ በጣም አፈሩ። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ከዚያ ክኒኑን፣ መርፌውን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ የእያንዳንዱን ደግና ክፉ ሳይቸኩሉ አስረዷት። «አስቤ ልምጣ ብትዪም መብትሽ ነው።»

«ቶሎ ቶሎ የማያመላልሰኝ የቱ ነው?»

«የክንዱ ለዓመታት ይቆያል። ልጅ ባሰኘሽ ጊዜ መጥተሽ ታስወጪዋለሽ።»

«እሱ ይሁንልኝ» አለች፤ እማማም በገዛ እጃቸው ቀበሩላት።

በማግስቱ በሠራተኞች ስብሰባ አዋላጇ አፏን ሳትከፍት እማማ ተነሡ። ምክሩ ሴቲቱ እንደመጣች ይሰጥ፣ መከላከያው እዚያው ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ የፈለገች በዕለቱ ትውሰድ አሉ። እንዲህ ሲሆን ሴቲቱ ከምልልስና ከሁለተኛ ሕመም ትድናለች፤ የምትወልድበትንም ጊዜ ራሷ ትመርጣለች።

«ስንት ዓመት የኖረውን አሠራር አሁን ምን አስቀየረዎት?» አለ መድኃኒት አዳዩ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተመልሰው የመጡትን ስቆጣ ኖርኩ» አሉ እማማ። «ከእነሱ ስንቷ በቀጠሮዋ ቀን መጥታ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅሁም።»