ሰማያዊው ውታፍ

«ሙሉዬ፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ? ይሄ አቧራ ዛሬ ምን ነካው? የበርበራ መንገድ ተጠቅልሎ ሃርጌሳ የገባ እኮ ነው የሚመስለው። እስቲ ሻይ... ወተቱን በዛ፣ ስኳሩን ቀነስ አድርጊው።»

ጋሽ አየነው ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለው የሙሉዬ ሻይ ቤት ደጃፍ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከጀርባቸው ባለው ጠረጴዛ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ እንደሳቸው ከአገር ቤት የመጣ ነው። ሲገቡ አይተውታል፤ እሱም አይቷቸዋል። ዛሬ ጠዋት የዚሁ ሰው ጠበቃ ዳሚ ሰፈር ካለው የሥራ ቦታቸው ድረስ መጥቶ፣ «ከእንግዲህ ያንን ክዳን ብትሠራ ትከሰሳለህ» ብሏቸው ሄዷል። የጋሽ አየነው እንጀራ ደግሞ ከዚያው ክዳን ነው። ፊት ለፊት እንዳይናገሩ ይፈራሉ፤ ዝም ብለው እንዳይጠጡ ሻዩ ገና አልመጣም።

«አንቺ መቼም ሞኝነቴን ታውቂዋለሽ። ያ ሶማሌ ዋርሳሜ ከተማው ዳር ያንን የጨዋታ ሜዳ ከፍቶ፣ ወጣቶቹ በቀለም ጥይት ሲታኮሱ፣ በሮጡ ቁጥር ጥይቱ ከጠመንጃው አናት እየተዘረገፈ አሸዋ ሲበላው አየሁና... ምን አገባህ በይኝ! ከዘይት ጀሪካን ለአናቱ ክዳን ቆረጥኩ፣ በጎማ ካላማዳሪ አሰርኩት፣ ያዘ። በቃ፣ ፈላስፋ ሆንኩልሽ! አንድ ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። ምን ዓይነት ዓይን መሰለሽ! ቤቴ ምሳ ሲበላ እንኳ ዓይኑ ከእጄ ላይ አይነቀልም። እኔ ቂሉ፣ ሙያዬን ወዶልኝ ነው እል ነበር።»

ሙሉዬ ሻዩን አስቀምጣ ወደ ኋላቸው ሰረቅ አድርጋ አየች። ጋሽ አየነው አልዞሩም።

«ታዲያ ምን አደረገ? በስሙ አስመዘገበው። የፈጠራ መብት ይሉታል። ጥሩ አደረገ! ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሽማግሌ ምን ላስመዘግብ ነበር? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ አጥሬን አልነቀነቀም... ነቅሎ ወሰደው እንጂ።»

ሻዩን በማንኪያ አማሰሉ። ድምፃቸው እየጣፈጠ ሄደ።

«ደግሞ ጥንቃቄው! የመጀመሪያውን ክዳን ስሠራ መነጽሬን ረስቼ የማሠሪያውን ቀዳዳ በማይሆን ቦታ በሳሁት። አፍሬ፣ ከሰማያዊ ነጠላ ጫማዬ ቁራጭ ቆርጬ ወተፍኩት። እሱ ታዲያ ከቻይና ሺህ ክዳን አሠርቶ አስመጣ፤ ሺሁም ያለቦታው ተበስቷል፣ ሺሁም በሰማያዊ ተወትፏል! ዋርሳሜ ‹ይቺ ምን ትሠራለች?› ቢለው፣ ‹አየር ታስተካክላለች፤ ዋናው ፈጠራ እሷ ናት› አለው አሉ። አየሽ፣ የኔን ስህተት እንዲህ ያከበረልኝ ማን አለ? ሚስቴ እንኳ አንድ እግር ጫማ አበላሸህ ብላ እስከ ዛሬ አልታረቀችኝም።»

ከኋላቸው ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ አየነው ቶሎ ብለው ሻዩን ፉት አሉ።

«አሁን ታዲያ ማንም እንዳይነካበት ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። ምን እንዲህ ያስፈራዋል? ሰው ሁሉ የሚቀዳበት ይመስለዋል እንዴ? ሌባ እናት ልጇን... ኤዲያ፣ ተረቱም ጠፋኝ። እርጅና! ብቻ አንቺም ድስትሽን ሳትከድኚ አብስይ ልጄ፤ ዘንድሮ ክዳን ያስከስሳል።

እኔማ እታዘዛለሁ። ፈሪ አይደለሁ? ነገ ክዳን አልሠራም። ይሄ ባዶ ራሴ እንደሆነ ሌላ ነገር መጎንጎኑን አይተውም፤ ያው የማይረባ ነገር። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ከእንግዲህ ማን አጠገብ ቆሞ ያያል?»

ተነሡ። አሁንም ወደ ሰውየው ሳይዞሩ፣ ቆባቸውን አውልቀው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እንግዲህ ያንን ሰው እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ደጁን ያስፋለት፤ ጠበቃውን አያሳጣው። አሜን በይ እንጂ ሙሉዬ! ደግሞም ከመሞቱ በፊት... አንድ ቀን እንኳ... ሰው ሊሰርቀው የሚመኘው የራሱ ሐሳብ ይስጠው።»