ረዘመ የተባለው ክሮሞዞም

ሰው ያልገባውን ነገር ጉድ ከማለቱ በፊት ቢጠይቅ ኖሮ ስንቱ ትዳር ከመፍረስ በዳነ!

ዘመነች አየር ጤና ፌርማታ አውቶቡስ ስትጠብቅ የእጮኛዋ የወንድይፍራው አባት አቶ ሀብተማርያም ድንገት ከፊቷ ደረሱ። እሷ ክሮሞዞምን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር ክር፣ ቀለም እየቀባች በማይክሮስኮፕ የምትመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የራሷን ደም ስትመረምር የአንዱ ክሮሞዞሟ ቀለሙ ያጠቆረው ክፍል ከተለመደው ረዝሞ ብታገኘው ለእጮኛዋ እየሳቀች አጫወተችው። እሱ ደግሞ ለአባቱ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሽምግልናው ቀርቷል። ዘርሽ ጉድ አለበት። ለቀበሌያችን ሰዎችም ከስብሰባ ስንወጣ ነግሬያቸዋለሁ።»

ዘመነች ደሟ ፈላ፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ጉድ ያለው ማነው፣ አባባ?»

«አንቺው ነሻ! ከሰው ይለያል አላልሽም?»

«ብያለሁ። መለየትና መታመም ግን ለየቅል ናቸው። የሰው ቁመት እንደሚለያይ ክሮሞዞምም ይለያያል። ድሮ አይታይም ነበር፤ አዲሱ ቀለም ገለጠው። ያየነውም በጤነኞች ደም ላይ ነው።»

«እኛ ዘር የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው እንጂ በቀለም አይደለም!»

«እንግዲያው የእርስዎም ይታያ! ደምዎን ይስጡ። ካልደፈሩ ግን ስሜን አያንሱ።»

አቶ ሀብተማርያም ፈሪ መባልን አይወዱም። በማግስቱ ክንዳቸውን ሰጡ፤ ምርመራው ሲያልቅም ተጠርተው በማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«ይቺ ወንድን ወንድ የምታደርገዋ ክሮሞዞም ናት» አለች ዘመነች። «የእርስዎ ከብዙ ወንዶች ትረዝማለች።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ጢማቸውን ዳበሱ። «ይህማ የወንድነት ምልክት ነው!»

«አይደለም፤ እንዲያው ልዩነት ነው። ግን እስቲ ይፍረዱ፤ የእርስዎ ሲረዝም ወንድነት፣ የእኔ ሲረዝም ጉድ? ወንድይፍራውም ይቺኑ ነው የወረሰው። ለእሱስ ማን ልጁን ይድራል?»

አቶ ሀብተማርያም እንደገና አጎነበሱ። ደግመው አዩ።

«ስንት ጤነኛ ልጅ ወልጄ አሳደግሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሳላይ ፈረድሁብሽ። ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አይልኩም! መጀመሪያ ስሜን ያጠፉበት ቦታ ላይ ያድሱልኝ።»

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ማብቂያ ሰው ሊበተን ሲል አቶ ሀብተማርያም ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ በዚች ልጅ ላይ ያወራሁት ሐሰት ነው። ሐኪም የጤነኛውን ልዩነት ካላወቀ በሽታውን በምን ይለየዋል? እኛም ካልተማርን ደህናውን ሰው በሽተኛ እያልን ልጆቻችንን እናለያያለን። የእኔም ክሮሞዞም ከሰው ይለያል፤ ጉድ የሚል ካለ እኔን ይበል!»

ከኋላ የቆመችው ዘመነች ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን» አለች፣ «ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»