ከቦሰና የሚበልጥ ሞተር

— አሎ? ... አሎ፣ ሚን? ማን ልበል? ... ዘማርያም? አንተ ነህ ልጄ? ... እኔማ ደህና ነኝ፣ ስሙ ይመስገን። ማዳሜ እዚሁ ተቀምጣለች፣ ቶሎ በል።

— ... አዎ፣ ለጀልባህ ሞተሩን ገዛሁልህ እኮ። እዚህ ወደቡ አጠገብ፣ ካራንቲና ካለው የሞተር ሱቅ። ሐሙስ መርከብ ላይ ይጫናል። ... ጉልበቱ ስንት ፈረስ? ሃያ አምስት ነዋ።

— ... ሄሎ? ለምን ይህን ያህል ትለኛለህ? የጎረቤታችን የቦሰና ልጅ ሸዋንግዛው ባለ አስራ አምስት አይደል የያዘው?

— ... የሸዋንግዛው ጀልባ ትልቅ ቢሆንስ? እናቱ የካቲት ላይ ለእረፍት አገር ገብታ፣ ለኪዳነ ምሕረት በጣና ላይ እየነዳ ዑራ ወስዷት፣ ፎቶውን ይዛ መጥታ እዚህ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ አይቶታል። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ «እሰይ፣ እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። ሆዴ ግን... ያኒ፣ ማለቴ፣ እሱ ለንስሐ አባት የሚነገር ነው።

— ... እንዴት አትችለውም? ቀስ ብለህ አስረዳኝ። ... እሺ። ሞተሩ ከኋላ ነው የሚንጠለጠለው። ... አንተም እዚያው ከኋላ ተቀምጠህ ትነዳለህ። ... ጀልባዋ ስስ ጣውላ ናት። ... ኋላዋ ዝቅ ይልና ውሃ ይገባል። ... ባዶዋንስ? ... ባዶዋን ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ይገለብጣታል። በስመ አብ።

— ፓርዶን ማዳም፣ ልጄ ነው፣ ዳቂቃ፣ አንዴ ብቻ። ሩዙን አውጥቼዋለሁ።

— ... ምን ምን ነው የምትጭነው? ... አንተ፣ አራት ሰው፣ ሁለት ጆንያ ጌሾ። ለዚህ ስንት ይበቃል? ... ስምንት? የቦሰናን ግማሽ ነው እኮ፣ ዘማርያም።

— ... ሻጩም እንዳንተው ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ጀልባዋ ምን ያህል ናት፣ ምን ትጭናለች ብሎ ጠየቀኝ። ሠራተኛ ነች፣ ትልቁን መግዛት አትችልም ብሎ የናቀኝ መሰለኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ከአስራ አምስት የሚበልጥ አምጣ አልኩት።

— ... «ሞተር የሚገዛው ለጀልባ ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም»? ጥሩ፣ እናትህን ስበካት። ... አትሳቅ።

— ... መለወጡንስ ይለውጥልኛል፣ ሳጥኑ አልተከፈተም። ቦሰና እሁድ «ስንት ፈረስ ላክሽለት?» ስትለኝ ምን ልመልስ ነው? ሃያ አምስት ብያት አንድ ቀን እንኳ አንገቷን ደፍታ ብትሄድልኝ ብዬ ነበር።

— ... ምን አልክ? ድገመው፣ አልሰማሁም። ... እኔ ከላክሁት ትገጥመዋለህ? እያወቅህ? ... እናቴ ለፍታ የገዛችውን አልመልስም ብለህ?

— ... አይሆንም ልጄ። በእኔ ቅናት ጣና አንተን አይበላም። ነገ ማዳሜን አስፈቅጄ እሄዳለሁ፣ ባለ ስምንቱ ይመጣልሃል። ... ቅናቱማ አልወጣልኝም፣ ምን ብዬ ልዋሽህ። እሷን ባየሁ ቁጥር ይቆጠቁጠኛል። እየጸለይኩም ይቆጠቁጠኛል።

— ... ደቂቃህ እያለቀ ነው? ቆይ፣ አትዝጋ። ያ የጭነት ሂሳብህ... እኔስ አለሁበት? ... የመጣሁ ቀን ከአራቱ አንዱን ታወርዳለህ? ... ስንት ኪሎ ብለህ ያዝከኝ? ... ስድሳ? እሱ ከአገር ስወጣ ነው የኔ ልጅ፣ የዚህ አገር ዳቦ መች እንዲህ አስቀረኝ። ... እሺ ማዳም፣ ጨረስኩ፣ ያላ። ... ዘማርያም፣ ትሰማኛለህ? በሰማንያ ቁጠረኝ።